ከሁሉ የሚያስፈራኝ ልስኑ ነው

«ጣሪያና ግድግዳ» የአንባቢያን ጥያቄዎች ዓምድ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ቤቱን ያሠሩት የእናቴ አባት ናቸው፣ ከማይጨው በፊት። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው። ፊት ለፊቱ የእንጨት በረንዳ አለው፤ ከክፈፉ ሥር በመጋዝ የተቆረጠ፣ ጥልፍ የሚመስል እንጨት ዙሪያውን ተንጠልጥሏል። በቅርቡ ከወረዳ መጥተው ቤታችሁ በቅርስነት ተመዝግቧል አሉን። እኛ ደግሞ ልናድሰው ተዘጋጅተን ነበር። ያሰብነው ውጪውን በሲሚንቶ ለመለሰን፣ የእንጨት መስኮቶቹን በአሉሚኒየም ለመቀየር፣ ቆርቆሮውን ኢጋ ለማድረግ፣ በረንዳውን ዘግተን ሱቅ ለመክፈት፣ ጓሮ ላይ ደግሞ ለእኔና ለባለቤቴ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ለመሥራት ነው። ሰው ሁሉ «ፎቁን በጭራሽ አይፈቅዱልህም» ይለኛል። ቢሮ ከመሄዴ በፊት እርስዎ ቢያዩልኝ ብዬ ፎቶዎቹን በቴሌግራም ልኬያለሁ። (የልጅ ልጅ፣ ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ ፎቶዎቹን አይቻቸዋለሁ ልጄ። የበረንዳውን እንጨት ያየ ሰው ቶሎ ዓይኑን አይነቅልም፤ እኔም አልነቀልኩም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የአሮጌ ቤቶችን የማሻሻያ ፕላን መመርመር ነበር፤ የእናንተን ዳገት ስንት ጊዜ እንደወጣሁት ጉልበቴ ይመስክር።

ሰው የሚያስፈራራህ በፎቁ ነው። እኔን ግን ከዘረዘርካቸው ሁሉ ፎቁ ነው በትንሹ ያሳሰበኝ። ጓሮ ላይ የተሠራ ቤት አሮጌውን ካልነካው ነገ ሐሳብ ቢቀየር ይነሣል፣ የአያትህ ቤት እንዳለ ይቆያል። ያስደነገጠኝ አንተ እንደ ቀላል ነገር መጀመሪያ ላይ ጣል ያደረግኸው የሲሚንቶ ልስን ነው። ፈቃድ የሚጠየቅበት መሆኑ እንኳ ለማንም ትዝ አይለውም። ቅዳሜ ግንበኛ ይጠራል፣ ሰኞ ያልቃል፣ ቤቱም አዲስ መስሎ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ግድግዳው ሲያብጥ «ድሮም አርጅቶ ነበር» ተብሎ ይፈርሳል።

ምክንያቱን ላስረዳህ። የጭቃ ግድግዳ ውስጡ እንጨት ነው። ቋሚው ቆሞ፣ ማገሩ አግድም ታስሮ፣ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ይህ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ መልሶ ይተነፍሳል። አዲስ አበባ በዓመት 1200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ቤታችሁ ያንን ሁሉ ክረምት የቻለው ስለሚተነፍስ ነው። ሲሚንቶ ስትለስነው እርጥብ ጋቢ ላይ ላስቲክ እንደ መደረብ ነው። ውሃው በስንጥቅ፣ በመስኮት ሥርና ከመሬት ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። ጭቃው ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይለቃል። ከጀርባው ያለው ቋሚ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንደ ራሰ ከሥሩ ይበሰብሳል።

ይህን ከሩቅ ሆኜ የምፈርድ እንዳይመስልህ የላክኸውን የግራ ጥግ ፎቶ አጉላና እየው። ከመስኮቱ በታች እስከ ጉልበት ድረስ አንድ ሰው ቀደም ብሎ ሲሚንቶ ለጥፎበታል። ከዚያ በላይ ያለው ጭቃ ሆዱን ነፍቷል፤ በሁለቱ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። አሁን ሂድና ሲሚንቶውን በጣትህ አንጓ ቆርቆር አድርገው። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ለቋል ማለት ነው። ከዚያ ካቻቪቴ ይዘህ የጥጉን ቋሚ ከሥሩ ወጋ አድርገው። ካልገባ እሰየው፤ ያ እንጨት የሐበሻ ጥድ ነው፣ ምስጥም አይደፍረውም። ከገባ ደግሞ አትደንግጥ። አብዛኛውን ጊዜ የሚበሰብሰው የታችኛው ክንድ ያህል ብቻ ነው፤ የተበላው ተቆርጦ በደረቅ ጥድ ይቀጠላል። ደህና አናጺ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። በባሕር ዛፍ ቀጥልልህ ቢልህ እሺ አትበለው፤ ምስጥ ጠርቶ ነው የሚሄደው።

ታዲያ በምን ይለሰን? መጀመሪያ ውሃውን አስተካክል። ፎቶው ላይ አሸንዳ አላየሁም። መንገዱ ደግሞ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ብሏል መሰለኝ፤ ግቢያችሁ ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ጎርፉ ቀጥ ብሎ ወደ መሠረቱ ነው የሚመጣው። አሸንዳ ስቀል፣ ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ዝቅ አድርግ፣ ቦይ ቆፍረህ ውሃውን ወደ ታች ስደደው። ይህንን ሳትሠራ የምታወጣው የልስን ብር ሁሉ ክረምት ይዞት ይሄዳል። ቀጥሎ ሲሚንቶውን በመዶሻ ሳይሆን በመሮ ቀስ ብለህ አንሣ። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡካው፣ ሽታው እስኪለወጥ ድረስ ቀን ስጠው፣ እየረገጥክ አገላብጠው። ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ ስስ አድርገህ ምረገው፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትጨምር። ሲደርቅ ኖራ ቀባው፣ እሱንም ደጋግመህ ስስ አድርገህ። ኖራ ውሃ አያግድም፣ ግድግዳው እንዲተነፍስ ይለቀዋል። ሲሚንቶ አገራችን ሳይገባ የጎንደር ግንቦች የቆሙት በኖራ ነው፤ ዛሬም ቆመዋል። አለማመዱን ከጓሮ በኩል ባለ አንድ ግድግዳ ጀምርና ክረምት አሳልፈህ እየው። በፊት ለፊቱ አትለማመድ።

ልብህ «ጭቃ የድሃ ነው» ካለህ ዳገቱን ወጣ በልና የምኒልክን የእንጦጦ ቤተ መንግሥት እይ። ንጉሠ ነገሥት የኖሩበት ቤት ድንጋይ፣ ጭቃና እንጨት ነው፤ ነጭ የተቀባ፣ ጣሪያው ሣር። ምኒልክ በ1882 ጥቅምት ላይ ዘውድ የደፉት እዚያው አጠገብ፣ እንጦጦ ማርያም ነው። ሴራሚክ አልነበረም።

ስለ መስኮቶቹ ብዙ አልልም። በቅርብ ያነሣኸው መስኮት ላይ የተበላሸው የታችኛው አግዳሚ ብቻ ነው፤ ከላይ ያለው እንጨት ጥፍር አያስገባም። የተበላሸውን ብቻ አስቀይር። መስታወቱ ደግሞ የድሮ ነው፤ ከውስጥ ሆነህ ራስህን ብታንቀሳቅስ ውጪ ያለው ባሕር ዛፍ ሲወዛወዝ ታያለህ። ከየትም ሱቅ አትገዛውም። የእንጦጦ ብርድ መርፌ መሆኑን ስለማውቅ ዝም ብለህ ቻለው አልልህም፤ መዝጊያው ዙሪያ ላስቲክ ለጥፍ፣ ካስፈለገም ከውስጥ በኩል ሁለተኛ ተነቃይ መስኮት አሠራ። አሉሚኒየሙን ከፈለግኸው ጓሮ ለሚሠራው ቤት አድርገው። እኔ አልወደውም፣ ግን ቤቱ የአንተ ነው።

ቆርቆሮው ይቀየር። የዛገ ቆርቆሮ ይዞ መቀመጥ ቅርስ መጠበቅ አይደለም። ባቡር በ1909 አዲስ አበባ እስኪገባ ቆርቆሮ የጥቂቶች ነበር፤ በጊዜው እሱም አዲስ መጤ ነው። እኔ መርማሪ ብሆን የምመለከተው የጣሪያው ቁልቁለት እንዳይቀንስ፣ ክፈፉ እንዳያጥር ነው። ያ ረጅም ክፈፍ ለጌጥ የወጣ አይደለም፣ ጭቃውን ከዝናብ የሚጋርደው እሱ ነው። ኢጋ ሠሪዎች ደግሞ «ቆርቆሮ ለመቆጠብ» እያሉ ክፈፍ ያሳጥራሉ። የድሮውን ዓይነት ሞገዳም ቆርቆሮ ጠይቅ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን ለሌላ ተውለት።

በረንዳው ላይ ግን እንጣላለን። መዝጋት የለም። ይህን ዓይነት በረንዳ ለአዲስ አበባ ያስተማሯት በምኒልክ ጊዜ የመጡት የህንድና የአርመን ባለሙያዎች ናቸው፤ የእኛ አናጺዎች ከእነሱ ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። ፒያሳ አካባቢ የነበሩት ስንቶቹ እንደቀሩ ራስህ ታያለህ። በብሎኬት ብትዘጋው መጀመሪያ የሚሄደው ያ ጥልፍ እንጨት ነው፤ ሠራተኛው ሚስማር የሚመታው እሱ ላይ ነዋ። ደግሞም በረንዳው የፊቱን ግድግዳ ከዝናብ ይከላከልለታል።

የሱቁን ነገር ግን ይገባኛል። ኑሮው እንዲህ በሆነበት ጊዜ መንገድ ዳር ቤት ያለው ሰው ሱቅ አትክፈት ቢባል ማን ይሰማል? ፎቶው ላይ በቀኝ በኩል ያለችው ክፍል በር ወደ በረንዳው ነው የሚከፈተው። ሱቅህ እሷ ትሁን። መደርደሪያውን ከግድግዳው አታያይዘው፣ በራሱ እግር ይቁም። ደንበኛው በረንዳው ላይ ቆሞ ይገዛል፤ ሲዘንብ ይጠለልበታል፣ ሳያስበው አንድ ለስላሳ ጨምሮ ይገዛል። ማስታወቂያህን ክፈፉ ላይ አትምታ፤ በር ላይ በእግሩ የሚቆም ሰሌዳ ይበቃሃል። ከጥልፉ እንጨት ሁለት ቁራጭ መውደቁን ፎቶው ላይ አይቻለሁ። ከቀሩት አንዱን ካርቶን ላይ በእርሳስ ዙረው፣ አናጺው በዚያ ልክ ይቁረጥ። አዲሱ ቁራጭ ጀርባ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ጻፍበት፤ በኋላ የሚመጣ ሰው የአያትህን እጅና የአንተን ለይቶ እንዲያውቅ።

አሁን ፎቁ። ከበር ሆኖ ለሚያይ ሰው ከአሮጌው ቤት ጣሪያ በላይ ብቅ እንዳይል አድርገህ አሠራው፤ ቦታው ወደ ኋላ ተዳፋት ስለሆነ መሬቱ ያግዝሃል። አሮጌው ላይ አይለጠፍ፤ መካከል ላይ ሰው የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ይኑር፣ ከፈለግህ በመተላለፊያ ጣሪያ አገናኘው። የአያትህ መሠረት ያለ ሲሚንቶ የተካበ ድንጋይ ይመስለኛል፤ ከሱ አጠገብ ጥልቅ ጉድጓድ ከተቆፈረ ይንሸራተታል። ስለዚህ የፎቁ መሠረትም ሴፕቲክ ታንኩም ራቅ ብሎ በታችኛው በኩል ይሁን። ደግሞ አንድ ነገር አደራ። አሸዋና ድንጋይ የሚያመጣው ሲኖትራክ በዚያ ጠባብ በር ገብቶ የበረንዳውን ጥግ ሳይነካ አይወጣም። ዕቃውን መንገድ ላይ አስወርድና በጋሪ አስገባ። በሾፌር ስህተት የሄደ በረንዳ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባለቤቱም ሾፌሩም ሲያለቅሱ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ሁለት በር ነው የምታንኳኳው። ከ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ጀምሮ ለአዲስ ግንባታ ብቻ ሳይሆን ለማሻሻያም የግንባታ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ያ በክፍለ ከተማና በወረዳ በኩል ያልቃል። ቤቱ በቅርስነት ስለተመዘገበ ደግሞ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። በፌዴራል ደረጃ ጉዳዩን የሚይዘው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው፣ በከተማው ደግሞ የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮው አለ። ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ሰዎች ጀምር፤ የመዘገቡህ እነሱ ናቸው፣ ወዴት እንደምትሄድ ይነግሩሃል።

ማመልከቻህ ላይ «እድሳት» ብለህ አትለፍ። መርማሪ እንዲህ ያለ ማመልከቻ ሲደርሰው የሚያስበው የከፋውን ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ምን እንዳለ እንደሚቆይ፣ ምን እንደሚጠገን፣ ምን እንደሚለወጥ ክፍል በክፍል ጻፍ። የአሮጌው ቤት ፕላን ሜትር ተይዞ ይነሣ፤ ግድግዳው ጠማማ ከሆነ ጠማማ ሆኖ ይሣል፣ ረቂቅ ሠሪው በኮምፒውተር አያቅናልህ። ፎቶ ከአራቱም አቅጣጫ አንሣ፣ ከውስጥም፣ የተበላሸውንም። ፎቁና አሮጌው ቤት በየራሳቸው ወረቀት ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ላይ ጥያቄ ቢነሣ ሌላውን ይዞት እንዳይቀር።

ሌላ ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ከኮተቤ ነኝ፣ ዕድሜዬ ሰማንያን አልፏል። ቤቴን በቅርስ መዝግበውታል። ልጆቼ «አባባ ተወረሰ ማለት ነው፣ ሳይመሽ ሽጠው» እያሉ እንቅልፍ ነሱኝ። እውነት ተወርሷል? ከተመዘገበስ መንገድ አይነካውም?

መልስ፦ ጋሼ፣ አልተወረሰም። ፍርሃትዎ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እርስዎ በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ሙሉ ሰው ነበሩ፤ ያንን ያየ ሰው «መዘገቡት» የሚል ቃል ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የቅርስ ምዝገባ ግን ሌላ ነገር ነው። አዋጅ 209 ቅርስ በመንግሥትም በማንኛውም ሰው ባለቤትነትም ሊያዝ እንደሚችል በግልጽ ያስቀምጣል። ካርታዎ ካርታዎ ነው፤ ይኖሩበታል፣ ለልጆችዎ ያወርሱታል።

የሚጨመርብዎ ግዴታ ነው። በራስዎ ወጪ መጠበቅ አለብዎት፤ ሳያስፈቅዱ መጠገንም ማፍረስም አይችሉም። ጥገናው ከአቅምዎ በላይ ከሆነ መንግሥት ከወጪው ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል አዋጁ ላይ አለ። ተስፋ አድርገው እንዳይቀመጡ፣ ግን ጠይቀው ይሞክሩ፤ ሲጠይቁም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፣ ቅጂውን ማህተም አስመትተው ይያዙ።

የመንገዱ ጥያቄ ላይ ልዋሽዎ አልፈልግም። ምዝገባ አጥር አይደለም። በ2016 የኮሪደር ልማት ፒያሳን ሲያፈርስ ስንት አሮጌ ቤት እንደሄደ አገር አይቷል። ይሁንና የተመዘገበ ቤት ቢያንስ የሚከራከርለት ወረቀት አለው፤ ያልተመዘገበው ያም የለውም። ልጆችዎን ምዝገባውን አይተው ይሽጡ ከማለታቸው በፊት የምዝገባውን ወረቀት ቅጂ አውጡልኝ ይበሏቸው። እጅዎ ላይ የለም ብዬ ነው የምገምተው።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ እትዬ፣ አቃቂ ነው የምንኖረው፣ ከድሮው ባቡር መስመር ብዙም ሳንርቅ። ግድግዳው ሙሉ ጥርብ ድንጋይ ነው፣ ግን ጠቁሯል። ቀለም ቀቢው «በዘይት ቀለም አንድ ጊዜ ብቀባው አዲስ ይሆናል» ይለኛል። ልስማማ?

መልስ፦ እህቴ፣ አትስማሚ። የዘይት ቀለም ድንጋይ ላይ ሲገባ መልሶ አይወጣም፤ እርጥበቱንም ውስጥ ያፍነዋል፣ በሁለተኛው ክረምት እንደ ቅርፊት መላጥ ይጀምራል። የጠቆረው አብዛኛውን ጊዜ የመኪና ጭስና ሻጋታ ነው። በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች አሳጥቢው፤ ሽቦ ብሩሽና አሲድ አታስነኪ። አሲድ የሚሉት «ቶሎ ያነጣል» ብለው ነው፤ ማንጣቱን ያነጣል፣ ከድንጋዩ ፊት ጋር ነው እንጂ።

በድንጋዮቹ መካከል ያለው ማያያዣ ከተፋቀ ደግሞ ጠንካራ ሲሚንቶ አታስሞዪበት። ከድንጋዩ የጠነከረ ማያያዣ ድንጋዩን ነው የሚሰነጥቀው። ኖራና አሸዋ ያስሞሉልሽ፤ ሲሚንቶ ካልገባ ካሉ በጣም ጥቂት ይሁን። መጀመሪያ ከውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ፣ ሰው በማያየው ቦታ አንድ ሜትር ያህል ሠርተው ያሳዩሽ፤ ካማረሽ ይቀጥሉ፣ ካላማረሽ ሂሳባቸውን ከፍለሽ አሰናብቻቸው።